ሳልፈታው የኖርሁት ግዝት

ዝናብ የነካው የባና ሽታ ከሌላ ሽታ ጋር አይምታታም፤ የረጠበ የበግ ጠጉር ነው፣ ጥቂት ጢስ አለበት፣ ጥቂት ቅቤም። ባለፈው የበልግ ወራት አንድ ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ጥቁር ባና የደረበ ጎልማሳ ከዝናቡ ሸሽቶ ገባና ከፊቴ ካለው አግዳሚ ላይ አረፈ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው አላነጋግርም፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን የማነጋግረው ሥራ ሲያስገድደኝ ብቻ ነበር። መጽሐፌን ገልጬ አነብባለሁ፣ ሻዬን እጨርሳለሁ፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። የዚያን ዕለት ግን ያ ሽታ ዓይኔን ከገጹ ላይ አነሣብኝ። የግሼ ወረዳን አሰብሁ። ከራቤል ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠችውን መንደር፣ የትምህርት ቤቷን የድንጋይ ግንብ፣ ውርጭ የመታውን የገብስ ማሳ አሰብሁ። ሰውየው ሻይ እንኳ ሳያዝዝ ፊት ፊቴን ያየኛል።

«ይቅርታዎን፣ የኔታ ነዎት?» አለኝ በመጨረሻ።

በዚህ ስም ከተጠራሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። «እንዲያ ይሉኝ ነበር» አልሁት።

«አላወቁኝም። ጌታነህ ነኝ፣ የሻረው ልጅ። የደብሪቱ ታናሽ ወንድም።»

ደብሪቱ ሲል አወቅሁት። ደብሪቱ ስትወለድ ጀምሮ ጆሮዋ የማይሰማ ልጅ ነበረች፤ በዚያች መንደር ምክትል ርእሰ መምህር ሳለሁ በከፈትነው የልዩ ትምህርት ክፍል መዝገብ ላይ መጀመሪያ የጻፍሁት የእሷን ስም ነው። ስለ አባቱ ጠየቅሁት።

«አባቴስ አርፏል፣ ስድስት ዓመቱ። እናቴ አለች። እርስዎን ስታፈላልግ ነው የኖረችው።»

«እኔን? ለምን?»

«እንዲፈቷት ነዋ።»

«ከምን ነው የምፈታት?»

የምቀልድ መስሎት አተኩሮ አየኝ። «ከግዝቱ ነዋ፣ የኔታ! የገዘቷት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ዘመኑን በቁጥር አልጽፍም፤ ቁጥሩን የሚሻ ሰው ሌላ መጽሐፍ ያንብብ። ሠላሳ ሁለት ገጽ ያለው ደብተር በስሙኒ የሚገዛበት፣ እርሳስ ለሁለት ተሰብሮ ለወንድምና ለእኅት የሚከፈልበት፣ የሻይ ቤት ራዲዮ ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ የሚሰጣበት ዘመን ነበር ብል ይበቃል። መምህራን ካኪ ኮት እንለብስ ነበር፤ ክርኑ ሲሳሳ ከሌላ ካኪ የተቆረጠ እራፊ እናስጠግናለን። የተማሪዎቹ ኮንጎ ጫማ በብርድ ጊዜ እንደ ሸክላ ይደርቅና ተረከዙ ላይ ይሰነጠቃል፤ እነሱም በጋለ ቢላዋ መልሰው ያጣብቁታል፤ ስለዚህ ክፍሉ ዘወትር የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። በገበያ ቀን ከጠጅ ቤቱ ማዶ ባለው ማእዘን አንድ የክራር ተጫዋች ይቀመጥ ነበር፤ አንዲቱን የፍቅር ዜማ ደጋግሞ ይጫወታል፣ ግጥሟን ግን እንደ ሰሚው ይለውጣታል፤ መምህር ሲያልፍ ስለ ደመወዝ፣ ቄስ ሲያልፍ ስለ ጾም። አሁን ያ ማእዘን ምን እንደ ሆነ አላውቅም። በኋላ ስሄድ አልፌበት ሳይሆን አይቀርም፣ አላስተዋልሁትም እንጂ።

እኔ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የመጣሁት ከቅኔ ቤት ነው። ዲያቆን ነበርሁ። ሌሎቹን መምህራን ሰው «አስተማሪ» ሲላቸው እኔን «የኔታ» ይለኝ ነበር። ይህን ወድጄው እንደ ነበር ዛሬ ብናገር ማንንም አልጎዳም። ስናልፍ ገበሬው ለሌሎቹ ባርኔጣውን ያነሣል፤ ለእኔ ግን ከመንገድ ወርዶ ይቆማል።

የልዩ ትምህርት ክፍል እንዲከፈት ከበላይ ደብዳቤ በመጣ ጊዜ፣ ልጆቹን ከየቤቱ ፈልጌ የማምጣቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ዓይነ ስውር ልጅ አላገኘሁም። ያ ለምን እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ማየት የተሳነው ልጅ ያለው ቤተሰብ ወደ ደብሩ ይወስደዋል፣ በዚያ ትምህርት በጆሮና በቃል ነውና ልጁ ከሚያዩት ልቆ መምህር እስከ መሆን ይደርሳል። ጆሮው የማይሰማ ልጅ ግን ለደብሩም ለእኛም አይሆንም ነበር። ከቤት አይወጣም ነበር። ለእንግዳ አይታይም፤ እንግዳው ጠይቆ ቢያገኘው «እሱን ተዉት» ይባላል። እንደዚያ ካሉ ልጆች አምስቱን አገኘሁ። ከአምስቱ ደብሪቱ ብቻ ናት ተደብቃ ያልጠበቀችኝ።

አባቷ አቶ ሻረው ቀልደኛ ሰው ነበሩ። ልጅቱን ለትምህርት እንዲሰጡኝ ስጠይቃቸው «የኔታ፣ እሷ ደግሞ ትምህርቱን በምኗ ልትሰማው ነው?» አሉኝ።

«በዓይኗ» አልኋቸው።

«በዓይን ከሆነማ ጨርሳለች! ጎረቤት ምን እንደ በላ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ፣ የማን በግ የማን ማሳ ውስጥ እንደ ገባች የምትነግረን እሷ አይደለች?»

የነገሩኝ እውነት ነበር። እናትየው ወይዘሮ ጥሩነሽ ልጃቸው እንደማትሰማ ካወቁባት ቀን ጀምሮ፣ ማንም ሳያስተምራቸው፣ ከእሷ ጋር የእጅ ንግግር ፈጥረው ነበር። ዝናብ ሲሉ ጣቶቻቸውን ትከሻቸው ላይ ያንጠባጥባሉ። ቄስ ሲሉ በራሳቸው ዙሪያ ጥምጣም ይጠመጥማሉ። አቶ ሻረው ማለት በቅንድብ ላይ አንዲት ጣት ነበረች፤ በልጅነታቸው በድንጋይ የተፈነከቱበት ጠባሳ ነው። ከተቀመጥሁበት ሆኜ እናትና ልጅ ስለ አንድ የፈሰሰ ወተት ሲከራከሩ አየሁ፤ ልጅቱ ትመልሳለች፣ እናትየው ይደግማሉ፣ ልጅቱ ፊቷን አዙራ እንዳላየች ትሆናለች፣ እናትየው ትከሻዋን ይዘው መልሰው ያዞሯታል። «አዩልኝ» አሉ አቶ ሻረው፤ «ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ይጣላሉ፣ ጩኸት የለ። ቤቴ ገዳም ነው።»

ለክፍሉ የተመደበችልን መምህርት ሰናይት የምትባል ወጣት ነበረች። አጭር ሥልጠና ወስዳ፣ የምልክት ቋንቋ ሥዕል ያለበት አንድ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ክፍሉ ቀድሞ የዘር መጋዘን ነበር፤ አንዲት መስኮት ነበረችው። የሌላው ክፍል ልጆች «ዱዳ ቤት» ብለው ስም አወጡለት፤ በመስኮቷ እያዩ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ ይስቃሉ። ሰናይት ግን ጎበዝ ነበረች። በሁለተኛው ወር ደብሪቱ ስሟን ጻፈች። አቶ ሻረው ያቺን ወረቀት ባናቸው ውስጥ ከትተው ገበያውን ሁሉ ዞሩበት።

አንድ ቀን ሰናይት ቢሮዬ መጣች። «ቤት የሚያደርጉት ምልክት እያምታታቸው ነው። ደብሪቱን ‹እናት› ስላት እጇን ጉንጯ ላይ ታሳርፋለች፤ የመጽሐፉ ሌላ ነው። ወላጆቹ የእኛን እስኪለምዱ ለጊዜው ቀነስ ቢያደርጉት ብዬ ነው» አለችኝ። «ለጊዜው» አለች። «ቀነስ» አለች። እነዚህን ሁለት ቃላት ዛሬ በደንብ አስታውሳቸዋለሁ፤ ለወላጆቹ ስናገር ሁለቱንም ጥያቸዋለሁና።

ወላጆቹን የሰበሰብናቸው በወርኃዊ የሚካኤል በዓል፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ያን ቀን አይታረስም። በትምህርት ቤቱ ግቢ ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። የቤቱ ምልክት መቅረት እንዳለበት፣ ልጆቻቸው የተማረው ሰው የሚያውቀውን ምልክት መያዝ እንዳለባቸው አብራራሁ። አብራርቼ ስጨርስ አቶ ሻረው ከመካከል ተነሥተው «የኔታ፣ እንግዲህ ላም ስትጠፋ ልጄን በምን ልንገራት? መጽሐፍ ገልጬ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰናይትም ሳቀች።

ያን ሳቅ አልወደድሁትም። ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም። ለእኔ ከመንገድ ወርዶ የሚቆም ሕዝብ ሳቀብኝ፤ ያ ብቻ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ «በቤታችሁ ያለውን ምልክት እንዳትነኩት በሚካኤል ገዝቻለሁ!» አልሁ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በታቦት ስም የተነገረን ክልከላ የሚጥስ ሰው በዚያ አገር አልነበረም፤ ማሰሪያውን የሚፈታውም ያሰረው ሰው ነው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ።

«እስከ መቼ ነው፣ የኔታ?» አሉኝ።

«እስክፈታ» አልሁ።

ከዚያ ወደ ሌላው አጀንዳ አለፍሁ። ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በቅዳሜ ቀን፣ ሰናይት ወላጆቹን ሰብስባ የመጽሐፉን ምልክት አስተማረች፤ ውኃ፣ እንጀራ፣ እናት፣ ደህና። ክረምት ሳይገባ ታመመችና ወደ ቤተሰቧ ሄደች፣ አልተመለሰችም። ምትክ ተጠየቀ፣ አልመጣም። ክፍሉ መልሶ የዘር መጋዘን ሆነ። ደብሪቱን ከሚሰሙት ልጆች ጋር ከኋላ አስቀመጥናት፤ አንድ መንፈቅ ዓመት ሙሉ ከሰሌዳው የተጻፈውን ፊደል ሁሉ ከማንም አሳምራ ገለበጠች፣ ምን እንደ ገለበጠች ግን የነገራት ሰው አልነበረም። መቅረት በጀመረች ጊዜ ማንም አልጠየቀም። እኔ ዕድገት አግኝቼ ተዛወርሁ። ከመንደሪቱ ስወጣ ያሳሰበኝ በበቅሎው ላይ የተጫኑት መጻሕፍቴ እንዳይረጥቡ ነበር።

ለማንም ያልተናገርሁት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዚያ ትምህርት ቤት የመጣ መምህር በኮሪደር አግኝቶኝ «እነ ሻረው አጥብቀው ይፈልጉሃል፣ ሴትየዋ አደራ ብላኛለች» አለኝ። የልጅቱን የትምህርት ማስረጃ የሚፈልጉ መሰለኝ። «መዝገብ ቤት ይጠይቁ» አልሁት፣ ወደ ስብሰባዬም ገባሁ።

ይህን ሁሉ ጌታነህ ፊት ተቀምጬ አስታወስሁት። ሻዬ በረደ። እሱ ግን ቤታቸው እንዴት እንደ ኖረ ይነግረኝ ጀመር፤ እንደ ክስ አልነበረም፣ ስለ አዝመራ እንደሚያወራ ሰው ነበር።

«አባቴ መላ አያጣም። ‹የኔታ ያሉት በቤታችሁ ነው፣ ስለ ማሳ አላነሡም› ብሎ ደብሪቱን እያስከተለ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲያርም፣ ሲያጭድ፣ ቀኑን ሙሉ በእጅ ሲያወራት ይውላል። ስቀው ስቀው ይገቡና ደጃፍ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ይሰበስባሉ። እኔም ከቤት ጓሮ ነበር የማወራት። እናቴ ግን እንቢ አለች። ‹ታቦት በደጃፍ አይታለልም› አለች።»

«ቄስ አልጠየቀችም?»

«ጠይቃለች። የንስሐ አባታችን ‹ያሰረሽ በሕይወት ካለ ይፍታሽ፣ እኔ የሰው ግዝት ውስጥ አልገባም› አሏት። እርስዎ የት እንዳሉ ደግሞ የሚያውቅ ጠፋ።»

«ታዲያ እንዴት…» ብዬ አልጨረስሁትም።

«እጇ እንዳያመልጣት ስትፈትል ነው የኖረችው። ጠጉር በእጇ ከሌለ ቤት አትቀመጥም። መንደሩ ‹የጥሩነሽ ፈትል› ይላል፣ ያማረ ስለሆነ። አንድ ክረምት ደብሪቱ ታማ ሰባት ቀን ተኛች። ‹የት ጋ ነው የሚያምሽ?› አላለቻትም። በመዳፏ ገላዋን ሁሉ እየዳበሰች ስትጨነቅ ልጅቱን የሚያማት ቦታ ላይ ስትደርስ ነው ያወቀችው።» ጌታነህ ባናውን ወደ ትከሻው ሰበሰበ። «አሁን አባቴ የለም። እኔም ዘመሮ ከተማ ነው የምኖረው። ሁለቱ ብቻቸውን ናቸው። እናቴ ዓይኗ እየደከመ ነው፣ ሞራ ሸፍኖታል። ብርሃኑ ሳይጠፋ የልጄን እጅ ልየው፣ አንዲት ነገር ብቻ ልንገራት ትላለች።»

«ምን?»

«ዝም ያለቻት ጠልታት እንዳልሆነ።»

በሦስተኛው ቀን አብሬው ሄድሁ። መኪናው ራቤል አወረደን፤ የቀረውን በእግር ሄድን፤ ሦስት ሰዓት የነበረው መንገድ ለእኔ አምስት ሆነ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ደጃፍ ላይ ከድንጋይ መደብ ተቀምጠው ነበር። በድምፄ ለዩኝ፣ ሊነሡ ሞከሩ፣ አስቀመጥኋቸው። በመንገድ ሳሰናዳው የመጣሁትን ንግግር ጀመርሁ፤ ያን ቀን እንደ ተሳሳትሁ፣ ዲያቆን ብቻ ስለ ነበርሁ ለመገዘት ሥልጣን እንዳልነበረኝ፣ ነገሩ ከመነሻውም ግዝት እንዳልነበረ። እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«የኔታ» አሉ፤ «ግዝት አልነበረም ካሉኝ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስጠብቅ ኖርሁ? ይቅርታ አልጠየቅሁዎትም። ይፍቱኝ።»

በዕድሜዬ ሙሉ ያላደረግሁትን፣ ላደርገውም የማይገባኝን አደረግሁ። ቆሜ፣ ራሴን ገልጬ፣ «በሚካኤል ስም ያሰርሁትን በሚካኤል ስም ፈትቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ» አልሁ። ቃሉ እንደ ወጉ በአንቺታ ነው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ተነሡ። ጌታነህ ሄዶ ደብሪቱን ከበረቱ ጠራት።

ረጅም ሴት ናት። ጠጉሯ ሸብቷል። እኔን አየችኝ፤ ታውቀኝ እንደሆነ አላውቅም። እናትየው ከፊታቸው አስቀመጧት፣ ሁለት እጃቸውን በአየር ላይ አንሥተው ያዙ። መጀመሪያ ጉንጫቸውን ነኩ፤ እናት። ቀጥሎ ደብሪቱን ጠቆሙ። ከዚያ ወዲያ እጆቹ አልሄዱም። ወደ እኔ ዞሩ።

«የኔታ፣ ግዝትን በእጅ ምን ይሉታል?»

ቃሉን በግእዝ ተንትን ብባል አልቸገርም ነበር፤ ዘሩን፣ እርባታውን፣ በየትኛው መጽሐፍ እንዴት እንደ ገባ እናገራለሁ። «አላውቅም» አልኋቸው።

«የልጅቱ መጽሐፍ ላይስ አልነበረም? የዚያች የሰናይት?»

«አልነበረም።»

«እኛም አላበጀንለትም» አሉ። «ያኔ ምን ያደርግልናል ብለን እናበጀዋለን?» ደግመው ሞከሩ። እኔን ጠቆሙ፣ አፌን ጠቆሙ፣ ሁለት እጃቸውን አንጓ ላንጓ አጣመሩ፣ ወደ ሰማይ አዩ፣ እንደገና እኔን ጠቆሙ። ደብሪቱ ቅንድቧን ሰብስባ አንድም ሳታሳልፍ ተከተለቻቸው። ገባኝ ያለች መሰለኝ፤ ፊቷ ፈታ አለ፣ በፍጥነትም በእጇ መለሰችላቸው። እናትየው አላዩትም፣ ፈጥኖባቸዋል። ወደ ፊቷ ተጠግተው እንድትደግመው አደረጉ። ደገመችው፣ በዝግታ፣ ለሕፃን እንደሚናገሩት አድርጋ።

«ምን አለች?» አልሁ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ የልጃቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ፤ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሡም።

«‹እንግዳው አልበላም› ነው የምትለኝ» አሉ።

ደብሪቱ ተነሥታ ገባችና የገብስ ዳቦ በሰፌድ አመጣች፤ ከፊቴ አኖረችው። እንድቆርስ በእጇ አሳየችኝ። ቆረስሁ። እስክውጥ ድረስ ሁለቱም ያዩኝ ነበር።